«ዓሣዎቼ በብርድ አለቁ፣ እጮኛዬም ቀዘቀዘችብኝ»

ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ መቼም ይህን የምጽፈው ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ጋቢ መደረብ ስለማይችሉ ፍጡራን ነው። ስለ ዓሣ! ደግሞ ለጥብስ የሚሆነውን አይደለም። ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ ከእኛ ጋር ተፋጥጦ የሚውለውን ነው።

ነገሩን ያስጀመረኝ ከሱሉልታ የመጣ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ሥራውም ኪራይ ቤቱም እዚያው ሱሉልታ ሲሆን እጮኛው ግን አዲስ አበባ ናት። ለልደቱ ምን ይዛለት ብትመጣ ጥሩ ነው? 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም፣ ከነመብራቱ፣ ከነፊልተሩ፣ ከነማሞቂያው፣ 8 ዓሣ ጨምራ። (ሀብታም ናት እንዳትሉ፤ ዕቁብ ደርሷት ነው ይላል።) ልጁ ለዓሣዎቹ ያለው ፍቅር ከመጠን አልፎ «የነሱን ያህል እንኳ አታየኝም» እስክትለው ደረሰ። ከዚያ አንድ የታኅሣሥ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሳ ዓሣዎቹ ከታች ጠጠሩ ላይ ተኝተዋል፤ ጭራቸውን እንኳ አያንቀሳቅሱም። ደነገጠ። በቡታጋዝ ውሃ አፈላና ገለበጠባቸው። ዓሣዎቹ ወዲያው ነቅተው ከወዲያ ወዲህ መሯሯጥ ጀመሩ። «አዳንኳቸው» ብሎ ደስ እያለው ወደ ሥራ ሄደ። ማታ ሲመለስ 5ቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል።

እጮኛው ሰማች። «8 ዓሣ መጠበቅ ያቃተው ሰው እኔን እንዴት ሊጠብቅ ነው?» አለችና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የልጁ ጥያቄ እንግዲህ ሁለት ነው። ዓሣዎቼን ምን ገደላቸው? እጮኛዬንስ ምን ልበላት?

ከሁለተኛው ልጀምር ብል እኔ ራሴ በዚህ በኩል ብዙም አልሆነልኝም። የመጀመሪያውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ዓሣ ገድዬ የተማርኩት ነው።

ወንድሜ፣ በሐዘንህ ላይ ሐዘን ልጨምርብህ አልፈልግም፤ ግን እውነቱን ልንገርህ። ዓሣዎችህን ብርዱ ብቻ አይደለም የገደላቸው። ጠዋት ስታያቸው በሕይወት ነበሩ። ደካክመው፣ ደንዝዘው፣ ግን በሕይወት። የጨረሳቸው ያፈላኸው ውሃ ነው።

እኛ ሰዎች ሱሉልታ ብንሆን አፋር፣ ሰውነታችን 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን፣ ሲሞቀን ያልበናል፤ ውስጣችን ግን ብዙም አይለወጥም። ዓሣ እንዲህ ያለ ምድጃ በሆዱ አልተሰጠውም። ውሃው 25 ዲግሪ ከሆነ ዓሣውም 25 ነው፤ ውሃው 17 ከሆነ እሱም 17 ነው። ልቡ የሚመታው፣ ምግቡ የሚፈጨው፣ በሽታ የሚመክተው ሁሉ በውሃው ሙቀት ልክ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ሲበርድ ዓሣው ደመወዝ እንዳለቀበት ሰው ወጪውን ሁሉ ይቀንሳል። መዋኘቱን ይተዋል፣ መብላቱን ይተዋል፣ ከታች ይቀመጣል። ያ ሞት አይደለም። አንድ ሌሊት ቢሆን ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

በድንገት ሲሞቅ ነው ጉዱ! ሰውነቱ ሁሉን ነገር በአንዴ ቀስቅሶ «ኦክስጅን አምጡ» ይላል። ውሃ ደግሞ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ 15 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 10 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውሃ 25 ዲግሪ ሲሆን ከ8 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። አሁን ሱሉልታን አስቡልኝ። ሯጮቻችን ለልምምድ የሚመርጧት ለምን ይመስላችኋል? ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነችና አየሯ ስስ ስለሆነ ነው። አየሩ ስስ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይሳሳል። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ ከሩብ በላይ ይጎድላል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፊልተርም ቆሟል። እናላችሁ የልጁ ዓሣዎች ከአልጋ ተነስተው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ሱሉልታ ላይ ማራቶን ሩጡ ተባሉ ማለት ነው። «ነቅተው መሯሯጥ ጀመሩ» ያለው ደስታቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ላውጋችሁ፤ ከልጁ የባሰ ነውና።

12ኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ባለው ጊዜ ቡራዩ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የቡራዩን ብርድ የማያውቅ ወደ ገፈርሳ በኩል በጠዋት ብቅ ይበል። ቤታችን ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነበር። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይሆናል፤ ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ብርዱን በላያችን ያወርደዋል። ለአኳሪየም ከዚህ የከፋ ቤት የለም። በ24 ሰዓት ውስጥ አንዴ በጋ አንዴ ክረምት ነዋ! እኔ ግን በአንድ ጓደኛዬ በኩል ያገኘኋቸው 4 ጋፒዎች ነበሩኝ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዘር ነው፤ 24፣ 25 ዲግሪ ነው የሚስማማው። 

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ዓሣዎቹ እንዳይበርዳቸው ብዬ ከውጭ የከሰል ማንደጃውን አስገባሁ። ሞኝ አይደለሁም፣ ጭሱ እስኪወጣለት ጠብቄያለሁ። ፍሙ ቀልቶ፣ አመድ ጣል ጣል ሲያደርግ ነው ያስገባሁት። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት ቀድሞውንም በጨርቅ ጠቅጥቀነዋል። ክፍሏ ሞቀች፤ ደስ አለን፤ ተኛን።

ከዚያ የማስታውሰው የአከራያችንን ጩኸት ነው። እማማ ለራሳቸው ጉዳይ ሊጠሩን መጥተው ቢያንኳኩ፣ ቢያንኳኩ መልስ የለም። በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። እኔን እየጎተቱ አወጡኝ፤ ወንድሜን ጎረቤት ተሸክሞ አወጣው። ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ያስመልሰኛል፣ ጉልበቴ አይታዘዝም። ወንድሜ ዓይኑን እስኪገልጥ ያለፈችውን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቃት። እማማ ሲረጋጉ ምን አሉኝ? «ለዓሣ ብለህ የእናትህን ልጅ ልትፈጅ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ከሰል ጭስ አልባ ሆነ ማለት መርዙ ወጣለት ማለት አይደለም። የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይተፋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰው «ደከመኝ» ብሎ ጋደም ይላል፤ ያቺው ናት። በተዘጋ ቤት ከሰል አድርጎ መተኛት ለዓሣም፣ ለሰውም፣ ለምንም አይሆንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ ወደ ውጭ ውጡ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣው እናወራለን።

እሺ፣ መብራት ጠፋ። ከሰል የለም። ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ምንም አታድርጉ። እየቀለድኩ አይደለም። በውሃው ውስጥ ያለው ሙቀት ቶሎ አይወጣም፤ የእናንተ ሥራ ያለውን መያዝ ነው። ሲኒ ውስጥ የተቀዳ ቡና አንድ ወሬ ሳያልቅ ይቀዘቅዛል፤ ጀበናው ውስጥ ያለው ግን ይቆያል። አኳሪየምም እንዲሁ ነው። ትንሿ የ5 ሊትር ክብ ብርጭቆ ሲኒ ናት። 60 ሊትሩ ጀበና ነው፤ 100 ሊትሩ ደግሞ ጋን በሉት። ብዙ ወጣት «ለመጀመሪያ ትንሽ ይበቃኛል» ብሎ ትንሿን ይገዛል። ርካሽ ናታ! ለጀማሪ ግን ከባዷ እሷው ናት፤ ጠዋትና ማታ አንድ ሆና አታውቅም።

ሙቀቱ በብዛት የሚያመልጠው በላይ በኩል፣ ውሃው እየተነነ ነው። ስለዚህ ክዳን ይኑረው፤ አየር የሚገባባት ትንሽ ክፍተት ትተው ቀሪውን በመስታወት ይክደኑት። ከኋላና ከሁለቱ ጎን ደግሞ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣውን ነጭ ፎም ቆርጣችሁ አጣብቁ። በነጻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሰው ይጥለዋል። ከሥሩም አንድ ፎም ይደረግ። መብራት የጠፋ ሌሊት ዙሪያውን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አልብሱት፤ ከላይ ብቻ አታፍኑት። አኳሪየሙን መስኮት ሥር ያስቀመጠ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያንሳው፤ ቀን ፀሐይ ታፈላዋለች፣ ሌሊት መስታወቱ ያበርደዋል። በር አጠገብም እንዲሁ።

ቀጥሎ አየር። ፊልተሩ ቆሟልና በየጊዜው በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። ቡና ለማቀዝቀዝ እንደሚደረገው ማለት ነው፤ እዚህ ግን የምንፈልገው አረፋውን፣ ማለትም አየሩን ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያገኘ ሰው ተገላገለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በመብራት መጥፋት ሌሊት ከማሞቂያው በፊት የሚናፍቀኝ ይኸው ፓምፕ ነው።

ሙቅ ውሃ የግድ ካስፈለገ ደግሞ ወደ ዓሣው አይገለበጥም፤ በጠርሙስ ተከድኖ ነው የሚገባው። ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ዘግታችሁ፣ አኳሪየሙ ላይ ታንሳፍፉታላችሁ። የፈላ አታድርጉበት፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። እጅ ከነካው ቶሎ የሚሸሸው ዓይነት፣ 50 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። (12ኛ ክፍል የተማርኩት አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ነበር፤ ይኸው።) አኳሪየሙ 60 ሊትር ሆኖ ውሃው 19 ዲግሪ ወርዷል እንበል። 2 ሊትር የያዘ 50 ዲግሪ ጠርሙስ ብትከቱበት ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ውሃው የሚጨምረው ስንት ነው? 1 ዲግሪ። በቃ፣ 1 ዲግሪ! ቀሪው ደግሞ ወደ ክፍሉ አየር ይበተናል። «ይሄማ ምን ዋጋ አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዋጋውማ እዚህ ላይ ነው። ዓሣው የሚችለው ይህንኑ ነው፤ በሰዓት አንድ ዲግሪ ያህል። ጠርሙሱን በሰዓቱ እየለወጣችሁ ብትሄዱ ከ19 ወደ 24 ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይፍጅ! ልጁ ያንን ሁሉ መንገድ በአንድ ማንቆርቆሪያ ነው የጨረሰው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠርሙሱን ከመክተታችሁ በፊት ትንሽ ውሃ ቅዱ፤ አለበለዚያ ሞልቶ ፈሶ ከሥር ያለውን የመብራት ማከፋፈያ ያገኘዋል።

ያን ዕለት ምግብ አትስጧቸው፤ የበረደው ሆድ አይፈጭም፣ ያልተበላው ደግሞ ውሃውን ያበላሻል። በሚቀጥሉት ቀናትም ሰውነታቸውን እዩ። ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካወጡ «ነጭ ነጠብጣብ» የሚባለው በሽታ ነው። ብርድ ያዳከመው ዓሣ ላይ የሚወጣ ጥገኛ ተሕዋስያን ነው፤ ወደ ሌሎቹም ይዛመታል። መድኃኒት አለው፣ ግን ቶሎ ነው።

መብራቱ ሲመጣስ? አሁን ደግሞ ማሞቂያው ያስቸግራል። ልጁ የማሞቂያውን ዋት አልጻፈልኝም። በሞቀ ቤት ለአንድ ሊትር 1 ዋት ይበቃል ይባላል። የኛ አካባቢ ቤት ግን ሌሊት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ወደ 2 ዋት ማስጠጋት ነው። ለ60 ሊትር አንድ 100 ዋት ከመግዛት ሁለት 50 ዋት ይሻላል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ። አንዱ አልጠፋም ብሎ ቢጣበቅ ደግሞ ብቻውን ዓሣውን መቀቀል አይችልም፤ ትልቁ ከተጣበቀ ግን ጠዋት የምታገኙት ሾርባ ነው። ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፤ ቴርሞሜትር ለብቻው ይኑር። ውሃ ስትቀይሩም ሆነ እጃችሁን ስትከቱ ሶኬቱን ንቀሉ። ትኩስ ማሞቂያ ከውሃ ወጥቶ አየር ሲያገኘው መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ማሞቂያና እርጥብ እጅ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ አይገባም። ሽቦውም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ዞሮ ይውጣ፤ ውሃ ቢንጠባጠብ ሽቦውን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ ነው።

ስለ ውሃ መቀየር ካነሳሁ፣ እዚህ ላይም ብዙ ዓሣ ያልቃል። ጠዋት ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ሌሊቱን ጣራ ላይ ብርድ ሲመታው ያደረ ነው። ያንን በቀጥታ መገልበጥ የፈላ ከመገልበጥ አይሻልም። ከዋዜማው በጀሪካን ቀድታችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ እዚያው አኳሪየሙ ያለበት ክፍል አሳድሩት። ክሎሪኑም ይተንለታል፣ ሙቀቱም ከክፍሉ ጋር ይተካከላል። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጨምሩ።

ይህን ሁሉ የምለው ለምን በነዚህ ሦስት ከተሞች ላይ ሆነ ለሚል፣ ጎጆ የሚወጣው ወጣት ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። መሀል ከተማ ኪራይ አልቀመስ ሲል ሰዉ ወደ ዳር ወጣ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር ከተማ በሚል ስም ከሌሎች ጋር ተጠቃለዋል፤ ብርዳቸው ግን አልተጠቃለለም፣ የየራሳቸው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይልና ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ያው ጥርት ያለ ሰማይ ሙቀቱን ሁሉ ይለቀዋል። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ጠዋት ውርጭ ታያላችሁ። ክረምት በአንጻሩ ቀኑም ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው፤ ለዓሣ ግን የክረምቱ ብርድ ይሻላል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቀንና ሌሊቱ ይቀራረባላ!

ሰበታን በተመለከተ ደግሞ የማይታለፍ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው ሰበታ ነው። ብዙ የሰበታ ልጅ በአጠገቡ በታክሲ ያልፋል እንጂ አያውቀውም። ሙቀት ለዓሣ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የኛን ቆሮሶ ማየት ይበቃል። ቆሮሶ የሚወደው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው። ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል፣ ጨርሶ ሲበርደው መብላቱን ያቆማል፣ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። ዝዋይና ሐዋሳ ከ1,700 ሜትር በታች ስለሆኑ ይስማሙታል። ሰበታ ግን ወደ 2,200 ሜትር ነው፤ እዚያ ኩሬ ውስጥ ያለ ቆሮሶ እንደ ሐዋሳው አይፈጥንም። እንግዲህ የአገሩ ዓሣ እንዲህ ከሆነ ከአማዞን ወንዝ የመጣው ኒዮን ምን ይበል?

እዚያው ሰበታ የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። ዱባይ ሠርታ የተመለሰች ናት። ዱባይ ሞል ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ትልቁን አኳሪየም በዕረፍት ቀኗ እየሄደች ታይ ነበር። እሱ መስታወት ፊት ስቆም ነው አሠሪዎቼን የምረሳው ትላለች። ተመልሳ ቤቷን ስታሰናዳ ታዲያ የባሕር አኳሪየም አማራት። ኔሞን ትፈልጋለች፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ያወቅነውን ባለ ነጭ መስመር ብርቱካንማ ዓሣ። ኮራልም፣ ያ በባሕር ሥር እንደ አበባ የሚያብበው። «ውሃው ላይ ጨው ብጨምርበት አይሆንም?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ጥያቄዋ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። የአፋር ጨው በአብዛኛው የወጥ ጨው ነው። የባሕር ውሃ ግን ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ሌላው ሌላው አለበት፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከሱ ነው። ለዚህ ተብሎ የሚዘጋጅ ጨው አለ፤ በሻንጣ የሚመጣ ነው።

ጨው ቢገኝ እንኳ ሙቀቱ አለ። ኮራል ተክል ሳይሆን እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩለትን ደቃቅ አልጌዎች አስጠልሎ ይኖራል፤ ቀለሙም ምግቡም በብዛት ከነሱ ነው። ውሃው ከለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየበት ግን ተከራዮቹን ያባርርና እንደ አጥንት ነጭ ይሆናል። ካልቀዘቀዘለት በረሃብ ይሞታል። በታላቁ ውቅያኖስ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የባሕርና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት የዓለም ኮራሎች ለአራተኛ ጊዜ በአንድነት እየነጡ መሆኑን አስታውቆ ነበር። እኛ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ምጽዋንና ዳህላክን ተሰናበትን እንጂ እዚያ ያለው ኮራልም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም።

ለሰበታዋ ልጅ ይህ ሁሉ ሲተረጎም እንዲህ ነው። የኮራል አኳሪየም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ ያውም በቀን ውስጥ ከ1 ዲግሪ ብዙም ሳይወዛወዝ መቆየት አለበት። በሞቃት አገር ያሉት ሰዎች ጭንቀታቸው ማቀዝቀዝ ነው፤ ማቀዝቀዣ ማሽን ይገዛሉ፣ ያጣ ደግሞ ውሃው ላይ ቬንቲሌተር ያነፍስበታል። እንስራ ላብ ላብ እያለው ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እሷ ግን ሁለቱም አለባት። ቀን ለኮራሉ የሚያስፈልገው ኃይለኛ መብራት ውሃውን ያሞቅባታል፣ ሌሊት የሰበታ ብርድ ያበርድባታል፣ መሀል ላይ መብራት ይጠፋል። የጋፒ ባለቤት አንድ ሌሊት ተኝቶ ቢያድር ሊተርፍለት ይችላል። የኮራል ባለቤት ጄኔሬተር ወይም ጠንካራ ባትሪ ሳይኖረው ከጀመረ የዱባይ ላቡን ውሃ ውስጥ እየጨመረ ነው። አልከለከልኳትም። «ቆይ፣ መጀመሪያ በጎልድፊሽ አንድ ዓመት ተለማመጂ፤ ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱን መያዝ ከቻልሽ ያኔ እናወራለን» አልኳት። አኮረፈች። በኋላ ግን ገዛች።

ጎልድፊሽን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖር ዘር ነው፤ 18፣ 20 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ከዚያ በታችም ይችላል። ለሱሉልታ ሳሎን ማሞቂያ ሳያስፈልገው የሚኖር እሱ ነው። በዚያች ክብ ብርጭቆ ግን አታስቀምጡት። ትልቅ ይሆናል፣ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ሰፊ ውሃ ይፈልጋል። ደግሞ ከጋፒና ከኒዮን ጋር አታደባልቁት፤ ለአንዱ ያሞቃችሁት ለሌላው ይበዛበታል።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። 3 ዓሣ ቀርቶሃል። አዲስ ገዝተህ «ይኸው ተካሁልሽ» ለማለት እንዳትቸኩል። መጀመሪያ ቴርሞሜትር ግዛ። ለሰባት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት እያየህ ደብተር ላይ ጻፍ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ ቤትህ ገና ነው፤ ፎሙንና ክዳኑን አስተካክል፣ እንደገና ሰባት ቀን ጻፍ።

እጮኛህን ምን ልበላት ላልከኝ ደግሞ፣ መብራት ነው የገደላቸው አትበላት። ውሃውን ያፈላኸው አንተ እንደሆንክ ንገራት። ደብተሩንም ይዘህላት ሂድ። ዓሣ አጠባበቅ የማይችል ሰው ነው ያለችህ አይደል? ሁለት ሳምንት ሙሉ በጠዋት 12 ሰዓት፣ በዚያ በሱሉልታ ብርድ፣ ከብርድ ልብስ ወጥተህ የጻፍከውን ትየው። ምን እንዳለችህም ጻፍልን።